ጠብታ ብቻ ለሚወጣት አራስ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «የመጀመሪያ ልጄን በኦፕራሲዮን ከወለድኩ ዛሬ ሁለተኛ ሌሊቴ ነው። ሴት ናት፤ ስትወለድ 3.1 ኪሎ ነበረች። ገና ሆስፒታል ነኝ። ትናንት ቀኑን ሙሉ ተኝታ ዋለች። ዛሬ ግን ከመሸ ጀምሮ ጡቴን አልለቅም ብላለች። ላስተኛት ስል ታለቅሳለች። ጡቴን ስጫነው የሚወጣው ቢጫ ጠብታ ነው። አማቴ ‹ልጅቷ ተርባለች፣ ቅቤ ትላስ፣ ካልሆነ ስኳር በውሃ ይሰጣት› ይላሉ። ነርሷ ‹አጥቢያት› ብላኝ ትሄዳለች። ቀን ቀን ጠያቂ አይጠፋም፤ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ስፌቴ ያመኛል፤ ያለ ምክንያት እንባዬ ይመጣል። ልጄ እየተራበች ነው? ቤቴስ መቼ ነው የምገባው?»

እህቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ። እንኳን ለዚህ አበቃሽ።

እኔ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ብዙ ሌሊት በወሊድ ክፍል አድሬአለሁ። አንቺ የጻፍሽውን ጥያቄ በተለያየ ድምፅ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሌሊቱ 8 ሰዓት አካባቢ ሰምቼዋለሁ። ሁሌም ሁለተኛው ሌሊት ላይ ነው። የራሴን የመጀመሪያ ልጅ የወለድኩ ጊዜም፣ ሥራዬ ሆኖ እንኳን፣ በሁለተኛው ሌሊት «ጡጦ አምጡልኝ» ብዬ አልቅሻለሁ። ስለዚህ ፍርሃትሽ ይገባኛል።

ዋናውን መልስ ላስቀድም። ከነገርሽኝ ተነስቼ ሳየው ልጅሽ የተራበች አይመስለኝም። ሥራ ላይ ናት። ወተቱን እየጠራችው ነው።

ምክንያቱን ላስረዳሽ። ሕፃን ከተወለደ በኋላ መጀመሪያ ለትንሽ ሰዓት ንቁ ይሆናል። ከዚያ የመጀመሪያውን ቀን በአብዛኛው ይተኛል። እሱም እንዳንቺ ደክሞታል። በሁለተኛው ሌሊት ግን ይነቃና ጡት ላይ ይለጠፋል። ሃያ ደቂቃ ይጠባል፣ ያንቀላፋል፣ ሲያስተኙት ይነቃል፣ እንደገና ይጠባል። ይህ ብዙ ሕፃናት የሚያደርጉት ነው። ጡት በተጠባ ቁጥር ሰውነትሽ «ወተት አምርት» የሚል ትእዛዝ ይደርሰዋል። ወተት ሞልቶ የሚመጣው ከወሊድ በኋላ ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው። በኦፕራሲዮን ለወለደች ደግሞ አንድ ቀን ያህል ሊዘገይ ይችላል። አንቺ ገና ሁለተኛ ቀንሽ ነው። ወተትሽ አልዘገየም።

ያ ቢጫ ጠብታ ደግሞ ወተት ነው። እንገር ነው። ከብት ያረባ ሰው እንገርን ያውቀዋል፤ አዲስ የተወለደ ጥጃ እንገር ካላገኘ እንደማይጠና ያውቃል። የሰው እንገርም እንደዚያው ነው። ወፈር ያለ፣ ቢጫ፣ በሽታ በሚከላከሉ ነገሮች የተሞላ ነው። በአንዳንድ ቤት «የቆየ ወተት ነው፣ ቆሻሻ ነው» እየተባለ ታልቦ ይደፋል። እባክሽ አንዲት ጠብታ እንዳትደፊ። ለልጅሽ ከክትባቱ በፊት የሚደርስላት መከላከያ እሱ ነው።

መጠኑስ? በመጀመሪያው ቀን ሕፃን በአንድ ጊዜ የሚጠባው ከ2 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር ይይዛል። አየሽው? በሁለተኛው ቀን ከ5 እስከ 15፣ በሦስተኛው ቀን ከ15 እስከ 30 ይደርሳል። ጡጦ ሙሉ ወተት እያሰብሽ ጠብታሽን ስታዪ ትንሽ ይመስልሻል። ከልጅሽ ሆድ ጋር ስታስተያዪው ግን በቂ ነው።

እንግዲህ «አምኜሻለሁ፣ ግን እርግጠኛ የምሆነው በምንድን ነው?» ትዪኝ ይሆናል። ልክ ነሽ፤ በእምነት ብቻ አይሆንም። ዳይፐሩን እዪ። በመጀመሪያው ቀን ቢያንስ አንድ ጊዜ፣ በሁለተኛው ሁለት ጊዜ፣ በሦስተኛው ሦስት ጊዜ መሽናት አለባት። ከ5ኛው ቀን በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ 6 ጊዜና ከዚያ በላይ ይሆናል። ካካዋ መጀመሪያ እንደ ቅጥራን ጥቁርና የሚጣበቅ ነው። ከዚያ አረንጓዴ ይሆናል። በ4ኛው ወይም በ5ኛው ቀን ቢጫ ከሆነ ወተቱ ወደ ውስጥ እየገባ ነው ማለት ነው። በእነዚህ ቀናት ሽንቷ ላይ እንደ ጡብ አፈር ያለ ቀላ ያለ ነገር ብታዪ አትደንግጪ። ከ4ኛው ቀን በኋላም ካልጠፋ ግን ተናገሪ።

ሁለተኛው ማረጋገጫ ሚዛን ነው። ማንኛውም ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይቀንሳል። ይህን ሳይነግሩሽ ሚዛን ላይ ቢያስቀምጧት ልብሽ ይሰነጠቅ ነበር። ከተወለደችበት ክብደት እስከ 7 በመቶ ቢቀንስ የሚጠበቅ ነው። ወደ 10 በመቶ ሲጠጋ ግን ሐኪም ማየት አለበት። ልጅሽ 3.1 ኪሎ ስለነበረች፣ ወደ 2.8 ኪሎ ከወረደች «ስታጠባ ይታይልኝ» ብለሽ አጥብቀሽ ጠይቂ። ብዙ ሕፃናት ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ወደ ተወለዱበት ክብደት ይመለሳሉ።

አሁን ወደ አጠባቡ ልምጣ። «አጥቢያት» ብሎ መሄድ በቂ አይደለም። ነርሷ ላይ አልፈርድም፤ በአንድ ሌሊት ስንት አራስ እንደምታይ አውቃለሁ። አንቺ ግን «አምስት ደቂቃ ቁሚልኝና ስትጎርስ እይልኝ» የማለት መብት አለሽ። እስክትመጣ ድረስ ይህን ሞክሪ። ስፌትሽ ላይ እንዳትረግጥሽ በብብትሽ ሥር ያዣት፤ እግሯ ወደ ጀርባሽ ይሁን፣ ከሥሯ ትራስ አድርጊ። ወይም በጎንሽ ተኝተሽ ፊት ለፊትሽ አስተኛት። ጭንቅላቷን አትግፊው፤ ትከሻዋንና አንገቷን ደግፊ። አፍንጫዋን ከጡትሽ ጫፍ ትይዩ አድርጊና አፏን በደንብ እስክትከፍት ጠብቂ። ስትከፍት ወዲያው ወደ ጡትሽ አምጫት። መጉረስ ያለባት ጫፉን ብቻ አይደለም፤ ዙሪያውን ያለውን ጠቆር ያለውን ክፍል ጭምር ነው። አገጯ ጡትሽን ይነካል፣ የታች ከንፈሯ ወደ ውጭ ይገለበጣል። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ሊሰማሽ ይችላል። እየተጠባሽ ሁሉ የሚያቃጥልሽ ከሆነ ግን አጎራረሷ ልክ አይደለም። ትንሿን ጣትሽን በአፏ ጥግ አስገብተሽ አስለቅቂያትና እንደገና ጀምሪ።

በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ትጥባ። ከዚያ በላይ ከፈለገችም ትጥባ። ካንቀላፋችብሽ ጨርቋን ፈታ አድርጊ፣ እግሯን ዳሰስ አድርጊ። እንቢ ካለች በንጹሕ እጅ ጥቂት ጠብታ አልበሽ በንጹሕ ማንኪያ ወይም ሲኒ ከንፈሯ ላይ አድርጊላት። በጡትሽ መሀል ራቁቷን፣ በዳይፐርና በኮፍያ ብቻ አስተኝተሽ ከላይ ጋቢ ልበሺ። ይሞቃታል፣ ትረጋጋለች፣ ወተቱም ቶሎ ይመጣል። አንቺ ደክሞሽ እንቅልፍ ከጣለሽ ግን ሌላ ሰው ይጠብቃችሁ።

ስለ ቅቤውና ስለ ስኳሩ። አማትሽ ክፉ አስበው አይደለም። እሳቸውም እንደዚያ ተደርጎላቸው፣ እንደዚያ አድርገው ልጅ አሳድገዋል። ቅቤ ግን ትን ሊላትና ወደ ሳንባዋ ሊገባ ይችላል። ውሃው ጀርም ይዞ ሊገባ ይችላል። ስኳር በውሃ ደግሞ ትንሿን ሆዷን ይሞላና ጡት እንዳትፈልግ ያደርጋታል። ካልጠባች ወተትሽ አይመጣም። ያኔ «ይኸው ወተት የላትም» ይባላል። እስከ 6 ወር ድረስ ከጡት ሌላ ውሃም አያስፈልጋትም፤ ሐኪም ካዘዘው መድኃኒት በስተቀር።

ለአማትሽ «አይሆንም» ብቻ አትበያቸው። ሥራ ስጪያቸው። «እማማ፣ ሐኪሙ ከልክሎኛል፤ እርስዎ ግን ለእኔ አጥሚት ያምጡልኝ» በያቸው። ቅቤውንም ገንፎሽ ላይ ያድርጉልሽ። እሱ ወደ አንቺ ሲገባ ነው የሚያምረው። ልጅቷ ጠብታ ስትውጥ «ቅ፣ ቅ» የሚል ትንሽ ድምፅ አላት። አንድ ጊዜ ጠጋ ብለው እንዲሰሙ አድርጊ። ከብዙ አያቶች ጋር ሞክሬዋለሁ፤ ከማብራሪያዬ ሁሉ በላይ የሚያሳምናቸው እሱ ነው።

የቆርቆሮ ወተት የሚያስፈልግበት ጊዜ የለም አልልሽም። አለ። ክብደቷ ብዙ ከቀነሰ፣ የደሟ ስኳር ከወረደ፣ ያለ ቀኗ ወይም በጣም ትንሽ ሆና ከተወለደች ሐኪም ሊያዝ ይችላል። ያኔ ያለ ጸጸት ስጫት፤ ጡትሽንም ጎን ለጎን ቀጥዪ። ያ ግን የሐኪም ውሳኔ ነው፤ የጠያቂ ምክር አይደለም።

አሁን አንድ ነገር በጣም አጥብቄ ልንገርሽ። ቢጫነት። ከጊዜያቸው ከተወለዱ ሕፃናት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በመጀመሪያው ሳምንት ጥቂት ቢጫ ይሆናሉ፤ ብዙውን ጊዜ በራሱ ይጠፋል። ከ3ኛው እስከ 5ኛው ቀን ይበረታል። ስለዚህ ሲነጋ መስኮት አጠገብ አድርገሽ እያት። ግንባሯን ወይም አፍንጫዋን በጣትሽ ቀስ ብለሽ ተጭነሽ ልቀቂ፤ ቆዳው ምን መልክ አለው? የዓይኗን ነጭና ድዷንም እዪ። ቢጫው በመጀመሪያው 24 ሰዓት ከመጣ፣ እጇ መዳፍና እግሯ ሥር ከደረሰ፣ ወይም ቢጫ ሆና መጥባት ካቃታት ያን ሰዓት ሐኪም ይያት። «ፀሐይ አሙቂያት» ቢሉሽ አትቀበይ። የበዛ ቢጫነት ደም ተመርምሮ በሆስፒታሉ መብራት ነው የሚታከመው። ከዘገየ አንጎል ሊጎዳ ይችላል። በፀሐይ እየተሞቁ ሦስት ቀን አልፎባቸው የመጡ ሕፃናት አይቼአለሁ። ያንን ሳስብ አሁንም ያመኛል።

ከዚህ ጋር የተያያዘ ሌላ ጥያቄ አለ፤ የደም ዓይነትሽ ምንድን ነው? ካርድሽ ላይ «አርኤች ኔጌቲቭ» የሚል ካለና የልጅሽ ፖዘቲቭ ከሆነ፣ በወለድሽ በ72 ሰዓት ውስጥ አንቲ-ዲ የሚባል መርፌ ያስፈልግሻል። መርፌው የሚጠብቀው የሚቀጥለውን ልጅሽን ነው። አንዳንዴ ከውጭ ፋርማሲ ተፈልጎ ስለሚገዛ፣ ጠዋት ሳይሆን አሁኑኑ አስጠይቂ።

ሴት ልጅ ስለሆነች ይህንንም ልጨምር፤ ብዙ እናት ስለምትደነግጥ። በመጀመሪያው ሳምንት ዳይፐሯ ላይ ነጭ ፈሳሽ ወይም ጥቂት ደም ልታዪ ትችያለሽ። ጡቷም ትንሽ ሊያብጥ ይችላል። ካንቺ የተላለፈ ሆርሞን ነው፤ ይጠፋል። ጡቷን «ይውጣላት» ብሎ የሚጨምቅ ሰው እንዳታስነኪ። ይቆስላል።

እትብቷ ላይ ቅቤም ሆነ ሌላ ነገር አይቀባም። ሆስፒታሉ ክሎሮሄክሲዲን የሚባል የእትብት ቅባት ከሰጠሽ ባሉሽ መሠረት ቀቢ። ቱቦው የዓይን ቅባት ሊመስል ስለሚችል ዓይኗ ላይ እንዳይገባ ተጠንቀቂ፤ ዓይን ይጎዳል።

ወደ አንቺ ልመለስ። በዚህ ሁሉ መሀል አራስዋ ትረሳለች።

ኦፕራሲዮን ትልቅ ቀዶ ሕክምና ነው። ሕመሙን ችለሽ ዝም አትበይ። ለአራስ የሚታዘዙት እንደ ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌን ያሉ መድኃኒቶች ለምታጠባ እናት ይሆናሉ። ሕመም የያዛት እናት በደንብ አታጠባም፣ አትነሳም፣ አትተኛም። ስታስይ ወይም ስትስቂ ትራስ ሆድሽ ላይ ጫን አድርጊ። ከአልጋ ስትወርጂ በጎንሽ ተገልበጭ፣ እግርሽን አውርጂ፣ ሰው ይደግፍሽ። መራመድ ጋዙን ያስወጣልሻል፤ እግር ውስጥ ደም እንዳይረጋም ይከላከላል። ስታጠቢ ማህፀንሽ ጭብጥ እያለ ቢያምሽ ጥሩ ምልክት ነው፤ ወደ ቦታው እየተሰበሰበ ነው።

እነዚህን ካየሽ ግን ማንንም ሳትጠብቂ ተጣሪ፤ ቤትሽም ከገባሽ በኋላ ቢሆን ወዲያው ተመለሺ። አንድ ሞዴስ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከራሰ፣ ወይም ትልልቅ የረጋ ደም ከወጣ። ትኩሳትሽ 38 ዲግሪ ከደረሰ። ስፌቱ ከቀላ፣ መግል ከያዘ፣ ወይም የሚወርድሽ ፈሳሽ ከሸተተ። አንዱ ባትሽ ብቻ አብጦ ካመመሽ፣ ወይም ትንፋሽ ካጠረሽ። ብርቱ ራስ ምታት ከዓይን መደብዘዝ ጋር ከመጣ ደግሞ የደም ግፊት ሊሆን ይችላል፤ በእርግዝናሽ ጊዜ ግፊት ያልነበረብሽ ብትሆኚም። ስትቀመጪ የሚብስ፣ ስትተኚ የሚቀል ራስ ምታት ከጀርባሽ ማደንዘዣ ሊሆን ይችላል። እሱም ቢሆን ይነገር፤ ሕክምና አለው።

የልጅሽ አስቸኳይ ምልክቶች ደግሞ እነዚህ ናቸው፦ መጥባት ማቆም፣ ቀስቅሰሻት አልነቃ ማለት፣ በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ መተንፈስ፣ ስትተነፍስ ደረቷ ወደ ውስጥ መግባት፣ መንቀጥቀጥ፣ ማተኮስ ወይም ሰውነቷ መቀዝቀዝ።

እንባሽን በተመለከተ፣ ያለ ምክንያት አይደለም። የእርግዝናሽ ሆርሞን በአንድ ጊዜ ወርዷል፣ እንቅልፍ የለሽም፣ ሆድሽ ተከፍቶ ተሰፍቷል። ከ3ኛው እስከ 5ኛው ቀን ብዙ አራሶች ያለቅሳሉ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ይቀላል። ከዚያ ካለፈ፣ ልጅሽን ማየት ካስጠላሽ፣ ራስሽን ወይም እሷን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ፣ እሱ የወሊድ ድባቴ ሊሆን ስለሚችል ያን ቀኑን ንገሪ። እምነት ማነስ አይደለም፤ ሕመም ነው፣ ይታከማል።

ጠያቂ በረከት ነው፤ አራስ ብቻዋን አትተውም የምንል ሕዝብ ነን። ግን አሥራ አምስት ሰው በአንድ ቀን ለአንቺም ለእሷም ይከብዳል። ይህን ሥራ ለባልሽ ስጪው። በር ላይ ቆሞ «እግዜር ይስጥልኝ፣ አሁን ተኝተዋል፣ ገንፎውን ቤት ስንገባ እንበላለን» ይበል። ሁለት ሁለት ሆነው ይግቡ፣ እጅ ይታጠቡ፣ ጉንፋን ያለበት ይቅር፣ ማንም አፏን አይሳም። ባልሽ የግል ድርጅት ተቀጣሪ ከሆነ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት 3 ተከታታይ ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር ፈቃድ አለው። አንቺም ሠራተኛ ከሆንሽ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን አለሽ።

ቤት መቼ ትገቢያለሽ? ያለ ችግር በምጥ የወለደች እናት ቢያንስ 24 ሰዓት እንድትቆይ ይመከራል። በኦፕራሲዮን ሲሆን ብዙ ጊዜ 3 ቀን ገደማ ነው። አልጋው እንደማይመች፣ ቤትሽም እንደናፈቀሽ አውቃለሁ። ግን አትቸኩዪ። ደም መፍሰስም፣ ግፊትም፣ ቢጫነትም የሚመጡት በእነዚህ ቀናት ነው። ከመውጣትሽ በፊት ልጅሽ እንደገና ትመዘን፤ የሳንባ ነቀርሳና የአፍ ፖሊዮ ክትባቷን፣ የቫይታሚን ኬ መርፌዋንም መውሰዷን ካርዱ ላይ አረጋግጪ። የልደት ማሳወቂያ ወረቀቱን ተቀበዪ፤ ልደቷ በ90 ቀን ውስጥ ወረዳ ላይ መመዝገብ አለበት። ለ7ኛው ቀን አካባቢና ለ6ኛው ሳምንት ቀጠሮ ይጻፍልሽ። ከ3ኛው ቀን በፊት ካስወጡሽ ደግሞ በ3ኛው ቀን ለቢጫነቱ እንድትታይ ጠይቂ።

ምናልባት ይህን ስታነቢ ነቅታ ይሆናል። ትራሱን በጎንሽ አድርጊ፣ ውሃ አጠገብሽ ይቀመጥልሽ፣ ባለፈው ጊዜ መጨረሻ ላይ በጠባችው ጡት ሳይሆን በሌላው ጀምሪ። ነገ ጠዋት ሲመዝኗት ቁጥሩን ያዢና ላኪልኝ። አብረን እናየዋለን።